የጋቢናው ቀበቶ

በእኛ ቤት የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ተቀባይነት የለውም። ሌላ ቦታ ይሠራል ይባላል። እኔ ራሴ መካኒሳ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በአራት የዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳዎች ላይ በየዓመቱ እጽፈዋለሁ፦ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር የሚያስቆመው ኃይል እስካልገጠመው ድረስ በያዘው ፍጥነትና በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ባለቤቴ እንግዳ ግን ለመርሳት እንኳ አልደከመም። እሱ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ስለ ፍጥነት ከእንግሊዝ አገር ሰው የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም።

ስሜ ትሩፋት ነው። ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ለሰው ልጅ ስበትን፣ ሰበቃንና ፍጥነትን ያስረዳሁ ሴት አንድ ባል ማስረዳት አቅቶኛል። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚሉት እኔን አይተው ነው።

የምንኖረው ፉሪ ነው። እንግዳ ከፉሪ መካኒሳ ይሠራል፤ በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚጭነውም እኔንና ልጃችንን ሚካልን ነው። ሚካል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ለክፉ ዕድሏ የእኔው ተማሪ ሆናለች። ከኋላ ስትቀመጥ ስለሚያስመልሳት ቦታዋ ጋቢና፣ በሩ ጋ ነው። እኔ በሁለቱ መሐል እቀመጣለሁ። የመሐሉ ወንበር ቀበቶ የለውም፤ ኖሮት ያውቅ እንደሆነም የሚያስታውስ የለም። የሚካል ወንበር ግን አለው። ደህና ቀበቶ ነው፤ ሲስቡት ይመጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረትም ያብረቀርቃል። ችግሩ ብረቱ የሚገባበት መክተቻ ነው።

መክተቻው የተቀበረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። እንግዳ ያኔ ወንበሮቹን በሙሉ ቀይ ከፋይ አለበሳቸው። የሰፋለት ቦጋለ የሚባል የመኪና ወንበር ሰፊ ነው፤ ጠርዙን በወርቃማ ክር አጊጦ፣ በየራስጌው መስቀል ጠልፎ፣ መክተቻውን ደግሞ ከሥር አስገብቶ በላዩ ላይ ሰፋበት። እንግዳ ወንበሩን በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ጎርበጥ የሚል ነገር የለውም፤ እንዲህ ነው እንጂ» አለ። በኋለኛው መስታወት ላይ «ፍጥነታችን በልክ፣ ፈጣሪያችን ያለ ልክ» የሚል ወረቀት ለጠፈበትና ሥራው ተጠናቀቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀበቶው አይታሰርም፤ ይያዛል። ለቡን አልፈን ወደ መካኒሳ ስንወርድ ትራፊክ ፖሊስ የማይጠፋበት አንድ አደባባይ አለ። እንግዳ አደባባዩን ከሩቅ ሲያይ «ያዙት» ይላል። በሩ ጋ የተቀመጠው ሰው ቀበቶውን ስቦ፣ ደረቱ ላይ አሳልፎ፣ ብረቱን ጎኑ ላይ በሁለት ጣት ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሳ ይመስላል። ፖሊሱ ሲታለፍ እንግዳ «ልቀቁት» ይላል፤ ቀበቶውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለምን ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ በሦስት ዓመት ውስጥ አልገጠመኝም። የባንክ ሠራተኛ ይይዛል፣ ዲያቆን ይይዛል፣ ፓስተር ይይዛል። በሌላው ሁሉ የማንስማማ ሰዎች በዚህ አንድ ነን።

መክተቻው ተበላሽቶ ነው እንዳትሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መኪናው ለቦሎ ሲመረመር፣ ቦጋለ ስፌቱን ይፈታዋል። ቀበቶው ቀጭ ብሎ ይታሰራል፤ መርማሪው ይስበዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ያልፋል። በማግስቱ ቦጋለ መልሶ ይሰፋዋል። ስለዚህ የሚካል ቀበቶ በዓመት አንድ ቀን ይሠራል። ያን ቀን መኪናው ምርመራ ላይ ስለሚውል ሚካል በሌላ ታክሲ ነው የምትሄደው።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ቀበቶ ልጄ ደረት ላይ እንዲታሰር። እፈራ ነበር፤ በየጠዋቱ፣ ከፉሪ እስከ መካኒሳ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ እፈራ ነበር። አንዳንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ይጸልያል፤ እኔ አሰላለሁ። ፊቷ ከመስታወቱ ያለው ርቀት፣ ክብደቷ፣ ፍጥነታችን። ሒሳቡ አንድም ቀን በጎ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እንግዳን በምሳሌ ላስረዳው ተነሣሁ። ብርጭቆ አቀረብኩ፣ በላዩ የሠርግ መጥሪያ ካርድ አስቀመጥኩ፣ በካርዱ ላይ ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም። ካርዱን በጣቴ መታ ሳደርገው ተፈናጥሮ ሄደ፤ ሳንቲሙ ግን ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ።

«አየህ?» አልኩት። «ካርዱ ሲሄድ ሳንቲሙ አልተከተለውም። የቆመ ነገር ቆሞ መቅረት ነው የሚፈልገው። የሚሮጥ ደግሞ መሮጥ። አንተ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ይቆማል፤ ሚካል ግን አልቆመችም። ወደ መስታወቱ እየሄደች ነው።»

እንግዳ ሳንቲሙን ከብርጭቆው አውጥቶ አገላበጠው። «ሳንቲሙ ሾፌር የለውም» አለ።

«እና?»

«ሚካል አላታ። እኔ አለሁላት።»

ቀኝ እጁን ወደ ጎን ወርወር አድርጎ አሳየን። ይህን ሁልጊዜ ያደርገዋል፤ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ቀኝ እጁ በራሱ ጊዜ ትዘረጋና አጠገቡ ያለውን ሰው ደረት ትይዛለች። የታወቀ የሾፌር ልማድ ነው። እንግዳ ግን በዚህች እጅ ላይ የተለየ እምነት አለው። በወጣትነቱ እህል መጋዘን ውስጥ አንድ ኩንታል ብቻውን ይሸከም እንደነበር በወር ሁለት ጊዜ ሳይነግረን አይቀርም።

ካርዱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሠራሁለት። ሚካል አርባ አምስት ኪሎ ናት። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየሄድን አንድ ነገር ገጭተን በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብንቆም፣ እሷን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል አምስት ሺህ ኒውተን አካባቢ ነው። ኒውተን የሚለው ቃል ባሌ ላይ እንደማይሠራ ስለማውቅ ወደሚገባው ቋንቋ መለስኩት።

«አምስት ኩንታል» አልኩት። «በአንድ እጅ። ያውም እኔን ተሻግረህ።»

እንግዳ ካርዱን ተቀብሎ አተኩሮ አየው። አሰብ አደረገና «ጤፍ ነው ስንዴ?» አለኝ።

ሚካል በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ራሴን መምታት ያምረኛል። በሳቅ የተዘጋ ጉዳይ መልሶ አይከፈትም። ሰኞ ጠዋት ቀበቶው እንደ ልማዱ ተያዘ፣ እንደ ልማዱ ተለቀቀ።

በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ለተማሪዎቼ አጭር ፈተና ሰጠኋቸው። የመጨረሻው ጥያቄ አምስት ነጥብ ነበረው፦ መኪና ውስጥ ቀበቶ የምናስረው ለምንድን ነው? በተማራችሁት ሕግ አስረዱ። እንግሊዝኛው እንዳይዛቸው ብዬ በአማርኛም መመለስ ትችላላችሁ አልኳቸው። ቸር ነኝ።

የሚካልን ክፍል ወረቀት ያረምኩት ረቡዕ ከሰዓት በመምህራን ክፍል ነው። አምሳ ሁለት ወረቀት። አርባ አራቱ የጻፉት ስለ ትራፊክ ፖሊስ ነው። አንዱ «ሾፌሩ እንዳይቀጣ» ይላል። ሌላዋ «ቀበቶ ያላሰረ ሰው መንገድ ላይ ያስቆማል፤ ስለዚህ ለሰዓት ቁጠባ ይጠቅማል» ብላለች። አንዱ ደግሞ በቅንነት «ሲያዝ እንጂ ሲታሰር አይቼ አላውቅም» ብሎ ጽፏል። እየሳቅኩ አርማለሁ፣ አጠገቤ ላለችው የሒሳብ መምህርት እያነበብኩ እናሽካካለን። ከዚያ የልጄ ወረቀት መጣ።

ሚካል ጽሕፈቷ ያምራል። «ቀበቶ የሚያዘው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሲደረስ ነው» ትላለች። «በግራ እጅ፣ ጎን ላይ፣ በሁለት ጣት ይያዛል። በዚህ ጊዜ ወደ ፖሊሱ መዞር አያስፈልግም። ፖሊሱ ከታለፈ በኋላ ይለቀቃል።» ከሥሩ ሥዕል ሥላለታለች፤ ወንበር፣ ሰው፣ ሁለት ጣት። አቅጣጫውን ሁሉ በቀስት አሳይታለች፤ በቀስት አሳዩ እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በሷ ተናደድኩ። እናቷ ፊዚክስ አስተማሪ፣ እቤት ስንት ጊዜ የተነገራት ልጅ። ዜሮ ከአምስት ጻፍኩበት። ከዚያ ደግሜ ሳነበው ስህተት አጣሁበት። ያየችውን ነው የጻፈችው፤ አንድ ሳታዛንፍ። በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ ያየሁትን። እኔ በቃል የነገርኳትን ሕግ ረስታዋለች፤ በዓይኗ ያስተማርናትን ግን አልረሳችም። ዕንባዬ መጣ፤ የሒሳብ መምህርቷ ምን ሆንሽ ስትለኝ የኖራው ብናኝ ነው አልኳት።

ማታ እራት ላይ ወረቀቱን ለእንግዳ ሰጠሁት። እጁን ጠርጎ አነበበው። ሥዕሉን ሲያይ ቆየ። ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ አልቀለደም።

«ይሄን ሚካል ናት የጻፈችው?»

«እሷ ናት።»

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ቅዳሜ ቦጋለ ጋ ወስጄ አስከፍተዋለሁ» አለ። «ሁለተኛም አይሰፋም።»

«ለምን ቅዳሜ? መቀስ ላምጣልህ?»

«ከፋዩ ይተረተራል ትሩፍዬ፤ ቦጋለ በሥርዓቱ ይፍታው። ሦስት ዓመት የቆየ ነገር ሦስት ቀን ያቅተዋል?»

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት አገር ተወልጄ ያደግሁት ሴት ተስማማሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ አሸነፍኩ ብዬ በሰላም ተኛሁ። ኒውተንም እስከ ቅዳሜ ይታገሠናል ብዬ ይሆናል።

በማግስቱ ሐሙስ ነው። እንደ ወትሮው ከፉሪ ሞልተን ወጣን። ለቡን አለፍን። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ያው ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። «ሚኪ፣ ያዢው» አለ እንግዳ። ያዘችው። ፖሊሱ ወደ እኛ አየና እንደ ሰላምታ አንገቱን ነቀነቀ። ዐለፍነው። «ልቀቂው» አለ። ለቀቀችው።

ከመቶ ሜትር በኋላ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ መንገዱ መሐል ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን እየዞረ ያያል። እንግዳ በዚያች ቅጽበት ወራጅ አለ የሚለውን ረዳቱን ሊሰማ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ነበር። ፊቱን ሲመልስ አይሱዙው ደርሷል። ፍሬን ያዘ። ስለ ፍሬኑ እመሰክራለሁ፤ ጥሩ ነበር፤ ጎማውም አስፋልቱን አንቆ ይዞት ነበር። ግን ርቀቱ አልበቃም። መኪናችን እየተንሸራተተ ሄዶ የአይሱዙውን ኋላ ገጨው።

እጆቹን አስታውሳለሁ። የእንግዳ ቀኝ እጅ መጥታ የእኔን ደረት ያዘች። የእኔ ቀኝ እጅ ሄዳ የሚካልን። አምስት ኩንታል ብዬ በጽሑፍ ያሰፈርኩት እኔ፣ አይቻልም ብዬ የፈረምኩት እኔ፣ እጄን ዘረጋሁ። እርግጥ አምስት ኩንታል አልነበረም፤ ፍሬኑ አብዛኛውን ፍጥነት ስለበላልን ግማሹንም አይሞላ። ልጄ ግን እጄን ጥሳ ሄደች። እጄ ላይ ስታልፍ ተሰምቶኛል። ከዚያ ግንባሯ መስታወቱን ሲመታው ሰማሁ።

የጮህኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ከኋላ ያሉት ጉልበታቸውን እያሻሹ ወረዱ፤ ማንም ክፉ አልደረሰበትም። ሚካል ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች፤ ደሙ በቅንድቧ ላይ ወርዶ ቀሚሷን ሞልቶታል። ወንበሩ ላይ ግን አይታይም፤ ከፋዩ ቀይ ነው። ለዚህም ሳይጠቅም አልቀረም።

መካኒሳ ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ከቅንድቧ እስከ ፀጉሯ መነሻ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋች፤ ከንፈሯ አብጦ አፏን ዘጋው። የእኔ እጅ አንጓው ላይ ተሰንጥቆ በጄሶ ታሰረ። ነርሷ ዓይኗ መትረፉ ተአምር ነው አለችኝ። እንግዳ አልጋው ግርጌ ቆሞ እግሯን በፎጣ ላይ ይደባብሳል። ያችን ኩንታል ተሸካሚ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷታል።

እኩለ ቀን ላይ የአደባባዩ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ሳጅን ሮበሌ እባላለሁ አለን። ፕላኑን አንሥቶ፣ ርቀቱን ለክቶ፣ ቃል ሊቀበል ነው የመጣው። ባርኔጣውን አውልቆ ሚካልን እግዜር ይማርሽ አላት። ደግ ሰው ነው። ለስድብ እንኳ አይመችም።

«አይዟችሁ» አለ፣ ሰሌዳው ላይ ወረቀቱን እያመቻቸ። «ዋናው መትረፏ ነው። ያተረፋት ቀበቶው ነው።»



«በየቀኑ አያታለሁ እኮ» አለ ወደ እንግዳ ዞሮ። «ዛሬም አይቻታለሁ። አንድም ቀን ሳታስር አልፋኝ አታውቅም። ሌሎቹን ሾፌሮች ስገሥጻቸው ያንተን መኪና ነው ምሳሌ የማደርገው። ስለዚህ ቀበቶ አሥራ ነበር ብዬ እይዛለሁ፤ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ።»

እንግዳ እኔን አየኝ። የሚለው ገብቶኛል፤ ዝም ካልን መንጃ ፈቃዱ ይተርፋል። መኪናው ቢቆም በምን እንደምንኖር አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ሕግ ያስተማርኩት ሴትዮ አፌን አልከፈትኩም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«አላሰርኩም» አለች ሚካል።

ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ ተንተባተበ። ሳጅን ሮበሌ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

«አላሰርኩም። ይዤው ነው የነበረው።» ክፋት የለባትም። ክፍል ውስጥ ተጠይቃ እንደምትመልሰው በተራ በተራ ነው የምትናገረው። «መክተቻው ከፋዩ ሥር ነው። እርስዎ ጋ ስንደርስ እይዘዋለሁ። ካለፍንዎት በኋላ አባዬ ልቀቂው ይለኛል፤ እለቀዋለሁ። ዛሬም ልቀቂው አለኝ። ለቀቅኩት።»

እንግዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ልክ ናት» አለ ከመዳፉ ሥር። «ልጄ ያለችው ልክ ነው።» ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ላቅፈው ፈልጌ እጄ በጄሶ አልታጠፍ አለኝ።

ሳጅን ሮበሌ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። በየጠዋቱ አንገቱን እየነቀነቀ ያሳለፈውን ሁሉ የሚቆጥር መሰለኝ። ከዚያ የጻፈውን ወረቀት አጥፎ አዲስ አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

«ስም?»

ነገርኩት። ዕድሜም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ሥራ?»

«መምህርት።»

«የምን?»

ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ቅጹ ላይ ክፍት ቦታ ስላለ ነው የጠየቀኝ። ሚካል በፋሻው ሥር ባለ ባንድ ዓይኗ ታየኛለች። እንግዳም ቀና አለ።

«የፊዚክስ» አልኩት።

ሳጅን ሮበሌ ጻፈው።